ምዕራፍ ስድስት፦ አንሺና ተነሺ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2004 በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ፣ ስኬት አሜሪካ በተባለው የፊገር ስኬቲንግ (የበረዶ ላይ ጥበባዊ መንሸራተት) ውድድር ላይ፣ ሩሲያውያኑ ታቲያና ቶትሚያኒናና ማክሲም ማሪኒን ትርኢታቸውን እያሳዩ ነበር። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማሪኒን አጋሩን ከራሱ በላይ አንስቶ እየተሽከረከረ ሳለ እግሩ ከዳውና ሚዛኑን ሳተ። ቶትሚያኒና ከተዘረጋው ክንዱ ከፍታ በጭንቅላቷ በረዶው ላይ ወደቀች። ራሷን ስታ በቃሬዛ ከሜዳው ወጣች፤ የአንጎል መናወጥ ደርሶባት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ከአደጋው ያላነሰ ትምህርት ይሰጣል። ቶትሚያኒና ብዙም ሳትቆይ ወደ ልምምድ ተመለሰች። ማሪኒን ግን አወዳደቋን በዓይኑ አይቷል። አካሉ ደህና ቢሆንም እንደገና ለማንሳት ፈራ፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ እርዳታም አስፈለገው። ሁለቱ ተያይዘው በ2005 ሞስኮ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ፤ በ2006 ደግሞ ቱሪን ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ አጠለቁ።

የጥንድ ፊገር ስኬቲንግን በአራት ዓመት አንዴ በቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ጉልበቱን ለወንዱ፣ ውበቱን ለሴቷ አካፍሎ ይመለከታል። ወንዱ ያነሳል፣ ይወረውራል፣ ይቀልባል፤ ሴቷ ትነሳለች፣ ትወረወራለች፣ ትቀለባለች። የቁመታቸው ልዩነት ደግሞ ይህን ሐሳብ ያጠናክረዋል። በዚህ ምዕራፍ የማሳየው ግን ከቁመትና ከጉልበት የሚበልጥ፣ ካሜራ የማይደርስበት ሌላ መበላለጥ መኖሩን ነው። ይኸውም የቁጥር መበላለጥ ነው። በዚህ ስፖርት ውስጥ ሴት ልጆች ብዙ፣ ወንዶች ልጆች ጥቂት ናቸው። ማን እንደሚመርጥ፣ ማን እንደሚጠብቅ፣ ማን ወጪ እንደሚሸፍን፣ ማን አገር እንደሚቀይርና ማን በደል ደርሶበት ዝም እንደሚል በአብዛኛው የሚወስነው ይህ ነው።

ከበረዶው በላይ

በመጀመሪያ አየር ላይ ምን እንደሚሆን ጠጋ ብለን እንመልከት። ማንሳት ከሴቷ እግር ይጀምራል። ከበረዶው የምትለቀው በራሷ ዝላይ ነው፤ ወንዱ የዝላዩን ጉልበት ተቀብሎ ክንዱ እስኪዘረጋ ድረስ ወደ ላይ ያደርሰዋል። ከላይ ከሆነች በኋላ ከአንገቷ እስከ እግር ጣቷ ያለውን ጡንቻ ሁሉ አጥብቃ መያዝ አለባት። ለአንድ አፍታ ከላላች የክብደቷ መሀል ይሸሻል፤ ከሥር ያለው ሰው የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ሊያቆያት ይከብደዋል። ወንዱም በበኩሉ በቀጭን የጫማ ስለት ላይ ቆሞ፣ ቢበዛ ሦስት ተኩል ዙር እየተሽከረከረ፣ የሌላ ሰው ሕይወት በእጁ ይዞ ይጓዛል። ከሥር ያለው እግር ወይም ከላይ ያለው ወገብ፣ ከሁለት አንዱ ከተሳሳተ ሁለቱም ይወድቃሉ።

ሌላው ከባድ ሥራ ሴቷን ከወገቧ ይዞ ወደ ላይ መልቀቅ ነው። አየር ላይ አካሏን አጥብቃ ሦስት ጊዜ ትሽከረከራለች፤ እግሯ በረዶውን ሳይነካ ወንዱ ወገቧን መልሶ ይቀልባል። ክንዷን ሰብስባ የምትሽከረከርበትንና ዘርግታ የምትወርድበትን ቅጽበት የምትወስነው እሷ ናት። ከዘገየች ክርኗ የሚያርፈው ፊቱ ላይ ነው፤ በዚህ ሥራ አፍንጫው ያልቆሰለ ወንድ ማግኘት ያስቸግራል።

የውርወራ ዝላይ የሚባለው ደግሞ ይለያል። ወንዱ እየተንሸራተተ ወደ ፊት ይወረውራታል፤ ብቻዋን ከምትዘልለው ይልቅ ከፍ ብላና ርቃ ትሄዳለች። የምታርፈው በአንድ እግሯ፣ ወደ ኋላ እየተንሸራተተች፣ ያለ ማንም ድጋፍ ነው። የሚወረውረው ሰው ቆሞ ሲያይ የአወራረዷ ዕዳ ሙሉ በሙሉ በጉልበቷና በቁርጭምጭሚቷ ላይ ይወድቃል። በ2006 ቱሪን ኦሊምፒክ ቻይናዊቷ ዣንግ ዳን አራት ዙር የሚፈጀውን የውርወራ ዝላይ ሞክራ ክፉኛ ወደቀች፤ ጉልበቷ ተጎዳ። ጥቂት ደቂቃ ካረፈች በኋላ ተመልሳ ትርኢቱን ከአጋሯ ከዣንግ ሃኦ ጋር ጨረሰች፤ ብርም አገኙ። ይህችን ሴት እናስታውሳት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

የጥንድ ስኬቲንግ ጥበብ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት አደጋ በተለያየ አቅጣጫ መቀበላቸው ነው። በአካል የሚለያዩ መሆናቸው በራሱ በደል አይደለም። የሚያሳስበው ልዩነቱ ከሜዳው ወጥቶ በሕይወታቸው ውስጥ ማን የማን ጥገኛ እንደሚሆን መወሰን ሲጀምር ነው።

ያለ ልዩነት የተጀመረ ውድድር

ጥንድ ስኬቲንግ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። በ1902 እንግሊዛዊቷ ማጅ ሳየርስ ለወንዶች ብቻ ይመስል ወደነበረው የነጠላ የዓለም ሻምፒዮና ገብታ ተወዳደረች፤ ደንቡ ሴት አትግባ አይልም ነበርና። ከስዊድናዊው ኡልሪክ ሳልኮቭ ቀጥላ 2ኛ ወጣች። የስኬቲንጉ ዓለም የሰጠው ምላሽ ሴቶችን ከዚያ ውድድር ማገድ ነበር፤ በ1906 ደግሞ ለብቻቸው ውድድር ተዘጋጀላቸው። ማጅ ሳየርስ በ1908 ለንደን ኦሊምፒክ በሴቶች ነጠላ ወርቅ፣ ከባለቤቷ ከኤድጋር ሳየርስ ጋር ደግሞ በጥንድ ነሐስ አገኘች። የጥንድ ስኬቲንግ የኦሊምፒክ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የዚያ ዘመን ጥንዶች ጎን ለጎን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚንሸራተቱ ሁለት አዋቂዎች ነበሩ። ማንም ማንንም ከራሱ በላይ አያነሳም ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላም ስፖርቱ የአዋቂዎች ሆኖ ቆየ። የሶቪየት ኅብረቶቹ ባልና ሚስት ሉድሚላ ቤሎሶቫና ኦሌግ ፕሮቶፖፖቭ በ1964 እና በ1968 ኦሊምፒክ አሸንፈዋል። ሁለተኛውን ወርቅ ሲያጠልቁ እሷ 32፣ እሱ 35 ዓመታቸው ነበር። ከእነሱ በኋላ የመጣችው ኢሪና ሮድኒና ፍጥነትና ጉልበት ይዛ መጣች፤ ከ1969 እስከ 1978 በተከታታይ 10 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ቁመቷ አጭር ቢሆንም ጥንዱን ትመራ የነበረችው እሷ እንደነበረች ማንም አይክድም። በ1972 የመጀመሪያ አጋሯ አሌክሲ ኡላኖቭ ከሌላ ሴት ጋር ለመወዳደር ሲለያት አሠልጣኟ ስታኒስላቭ ዡክ ከሌኒንግራድ አሌክሳንደር ዛይትሴቭን አመጣላት። ዛይትሴቭ በዕድሜ ከእሷ ያንሳል። ከእሱ ጋር በ1976 እና በ1980 ኦሊምፒክ አሸነፈች፤ የመጨረሻውን ስታሸንፍ ልጅ ከወለደች አንድ ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር።

የሮድኒና ታሪክ ለዚህ ምዕራፍ ትልቅ ቁም ነገር አለው። አጋሯ ሲሄድ እሷ ባለችበት ቆየች፤ አገሩ ለእሷ የሚመጥን ወንድ ፈልጎ አመጣላት። ይህ ሊሆን የቻለው የሶቪየት ሥርዓት ከልጅነታቸው ጀምሮ ያሠለጠናቸው ብዙ ወንዶች ስለነበሩት ነው። ወንድ ተንሸራታች እጥረት በሌለበት ቦታ ሴቷ የመምረጥ አቅም ነበራት።

አንድ ተኩል

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ማንሳቱ ከፍ፣ ውርወራው ረዘም፣ ዙሩም በዛ እያለ ሄደ። ነጥቡ ወደ አየር ሲሄድ አሠልጣኞች የሚፈልጉት አካልም ተቀየረ። ወንዱ ያደገ፣ ትከሻው የሰፋ ጎልማሳ ይሁን፤ ሴቷ ደግሞ ገና ያላደገች፣ ቀላል ልጅ ትሁን ተባለ። በስፖርቱ ሰዎች ዘንድ እንዲህ ዓይነቱ ጥንድ «አንድ ተኩል» ተባለ፤ አንድ ሙሉ ሰውና አንድ ግማሽ።

ከእነዚህ መካከል ዓለም የማይረሳቸው የካቴሪና ጎርዴዬቫና ሰርጌይ ግሪንኮቭ ናቸው። ሞስኮ ውስጥ አሠልጣኝ ሲያጣምራቸው እሷ 10፣ እሱ 14 ዓመታቸው ነበር። በ1988 ካልጋሪ ላይ ኦሊምፒክ ሲያሸንፉ እሷ 16፣ እሱ 21 ዓመታቸው ነበር። ጎርዴዬቫ በጣም ትንሽና ቀላል ነበረች፤ ግሪንኮቭ አየር ላይ ለቋት አራት ዙር ተሽከርክራ ስትመለስ ይቀልባት ነበር። የሌሎች አገሮች አሠልጣኞችም ድሉን አይተው ትንሽ ልጅ ፍለጋ ወጡ።

ብዙዎች ያላስተዋሉት ቀጣዩ ክፍል ነው። ጎርዴዬቫ አደገች፤ በ1991 ከግሪንኮቭ ጋር ተጋቡ፤ በ1992 ሴት ልጅ ወለደች። በ1994 ሊልሃመር ላይ የ22 ዓመት እናት ሆና ከባለቤቷ ጋር እንደገና የኦሊምፒክ ወርቅ አጠለቀች። የሁለተኛው ድላቸው ስኬቲንግ ከመጀመሪያው የጠለቀና የበሰለ ነበር። ሴት ልጅ ካደገች ለጥንድ አትሆንም የሚለውን አስተሳሰብ ያፈረሰችው የዚያው አስተሳሰብ ምሳሌ ተደርጋ የምትጠቀሰው ሴት ራሷ ናት። ግሪንኮቭ በኖቬምበር 1995 በልምምድ ላይ በልብ ሕመም በ28 ዓመቱ አረፈ።

ስፖርቱ ግን ከሁለተኛው ወርቅ ይልቅ የመጀመሪያውን ተከተለ። ደንቡ ራሱ የዕድሜ ልዩነቱን ሲያጸድቀው ኖሯል፤ ለረጅም ጊዜ በወጣቶች ውድድር የሴቷ ዕድሜ ከ19 በታች መሆን ሲኖርበት የጥንድ ወንድ ግን እስከ 21 ድረስ እንዲወዳደር ይፈቀድለት ነበር። ምክንያቱ ይገባል፤ የወንድ ትከሻ ለማንሳት የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ውጤቱ ግን ገና ልጅ የሆነች ሴትና ጎልማሳነት የጀመረ ወንድ ለዓመታት በየቀኑ ለሰዓታት አብረው መዋል ሆነ። በዚህ ግንኙነት ውስጥ ቃሉ የሚሰማው የማን እንደሚሆን ለመገመት አይከብድም።

አሁን ወደ ዣንግ ዳን እንመለስ። ጉልበቷ ተጎድቶ ለአገሯ ብር ያመጣችው ሴት ቁመቷ ጨመረ፤ እሷን ማንሳቱም እየከበደ ሄደ። በ2012 ከዣንግ ሃኦ ጋር ተለያዩ፤ የእሷ የውድድር ዘመን በዚያው አበቃ። ዣንግ ሃኦ ግን ቀጠለ። አዲሷ አጋሩ ፔንግ ቼንግ በ1997 የተወለደች፣ ከእሱ 13 ዓመት ገደማ የምታንስ ልጅ ነበረች። በ2016 ደግሞ ጥንዶቹ ተቀያየሩ፤ ፔንግ ወደ ጂን ያንግ ሄደች፤ የጂን ያንግ የቀድሞ አጋር ዩ ሺያዩ ወደ ዣንግ ሃኦ መጣች። ዣንግ ሃኦ ጎበዝና ታታሪ ስፖርተኛ እንደሆነ ሁሉም ይመሰክራል፤ ጥያቄዬ ስለ እሱ ሰውነት አይደለም። ሴት ስታድግ ስንብት፣ ወንድ ሲያድግ ምትክ የሚሰጥ ሥርዓት ለምን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቆጠረ ነው የምለው።

ወንዶቹ የት ሄዱ?

በሰሜን አሜሪካና በምዕራብ አውሮፓ በረዶ ላይ የሚወጡ ወንዶች ልጆች ሞልተዋል፤ አብዛኞቹ ግን ዱላ ይዘው ሆኪ ይጫወታሉ። ፊገር ስኬቲንግ የሚመርጥ ወንድ ልጅ ከእኩዮቹ ፌዝ ይጠብቀዋል። ፌዙን ታግሶ ከቆየ ደግሞ በነጠላ ውድድር ራሱን ችሎ መታየትን ይመርጣል። ወደ ጥንድ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በነጠላ ዝላይ ተስፋ ሲቆርጥ፣ ወይም ቁመቱ ለዝላይ ሲከብደው ነው። በዚያ ላይ ማንሳት ለመማር ጂም፣ ልምድ ያለው አሠልጣኝና ዓመታት ያስፈልጋሉ። ጥንድ የሚያሠለጥን ባለሙያ ያላቸው ሜዳዎች ደግሞ ጥቂት ናቸው።

በሌላ በኩል ሴት ልጆች በየሜዳው ሞልተዋል። አጋር ፍለጋ የሚወጡ ማስታወቂያዎችን የሚያይ ሰው ቁመቷን፣ ክብደቷን፣ የምትዘልላቸውን ዝላዮችና «ለመዛወር ዝግጁ ነኝ» የሚል ቃል የጻፈች ልጅ በብዛት ያገኛል፤ የወንዶቹ ማስታወቂያ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ለአንድ ወንድ ሙከራ ብዙ ልጆች ይሰለፋሉ። ገበያ ላይ የጠፋ ዕቃ ዋጋውን ራሱ እንደሚተምነው ሁሉ ወንዱም፣ ፈለገውም አልፈለገው፣ የዋጋው ባለቤት ይሆናል።

ይህ ዋጋ በገንዘብም ይገለጻል። በአሜሪካና በካናዳ የስኬቲንግን ወጪ በአብዛኛው የሚሸከመው ቤተሰብ ነው፤ የሜዳ ኪራይ፣ አሠልጣኝ፣ ጫማ፣ ልብስ፣ ጉዞ አለ። የሴቷ ወላጆች የልጃቸውን ወጪ ከፍለው የወንዱንም ግማሽ ወይም ሙሉውን መክፈላቸው፣ አንዳንዴም መኖሪያ መስጠታቸው በስፖርቱ ውስጥ የታወቀ ነገር ነው። ወንዱ ከደሀ ቤተሰብ ከሆነ ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ችሎታ ያለው ልጅ በገንዘብ እጦት አይቀርም። ነገር ግን ወላጆቿ ያላቸውን ሁሉ ያፈሰሱባት የ14 ዓመት ልጅ «ይህ ልጅ አልተመቸኝም» ለማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚያስፈልጋት ማሰብ ይገባል።

መራጩ ማን ነው?

የወንድ እጥረት ሰውን አገር ለአገር ያዞራል። ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት በሚያዘጋጃቸው ውድድሮች ላይ ከሁለቱ አንዱ የሚወክሉት አገር ዜጋ መሆኑ ይበቃል፤ በኦሊምፒክ ግን ሁለቱም ዜጎች መሆን አለባቸው። ስለዚህ አጋር ፍለጋ ብዙ ጊዜ የፓስፖርት ጉዳይ ይሆናል።

አልዮና ሳቭቼንኮን እንውሰድ። ዩክሬን ተወልዳ በ2000 የወጣቶች የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ከአጋሯ ጋር ከተለያየች በኋላ ጀርመን ሄዳ ከሮቢን ሾልኮቪ ጋር ተጣመረች። ሾልኮቪ ምሥራቅ ጀርመን የተወለደ፣ አባቱ ታንዛኒያዊ ሐኪም፣ እናቱ ጀርመናዊት የሆኑ፣ በዚህ ስፖርት ውስጥ ከታዩት ጥቂት ጥቁር ኮከቦች አንዱ ነው። አብረው አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ፤ በ2010 እና በ2014 ኦሊምፒክ ግን ነሐስ ብቻ ደረሳቸው። ሾልኮቪ ሲያቆም ሳቭቼንኮ 30 ዓመቷ ነበር። ፈረንሳዊውን ብሩኖ ማሶን አገኘች፤ የፈረንሳይ ፌዴሬሽን እስኪለቀው አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ጠበቀች። ማሶ የጀርመንኛ ፈተና ማለፍና ዜግነት ማግኘት ነበረበት፤ ይህም የተሳካው ኦሊምፒኩ ሊደርስ ሲል በ2017 መጨረሻ ነው። በፒዮንግቻንግ 2018 ከሁለቱ ትርኢቶች ከመጀመሪያው፣ ከአጭሩ በኋላ 4ኛ ነበሩ፤ በሁለተኛው፣ በረጅሙ ትርኢት ሁሉንም አልፈው በ0.43 ነጥብ ብልጫ ወርቁን ወሰዱ። ሳቭቼንኮ 34 ዓመቷ ነበር። ይህን ሁሉ ትዕግሥት የጠየቃት ችሎታ ማጣት አልነበረም፤ ችሎታዋን የሚመጥን ወንድ ማጣት ነበር።

ጃፓንም በዚሁ መንገድ አልፋለች። ናሩሚ ታካሃሺ ጃፓን ውስጥ አጋር ስላጣች ከካናዳዊው መርቪን ትራን ጋር ተጣመረች፤ በ2012 የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አገኙ። ትራን የጃፓን ዜግነት ማግኘት የሚችል ስላልሆነ ኦሊምፒክ ሊሄዱ አይችሉም ነበርና ተለያዩ። በነጠላ ይወዳደር የነበረ ርዩኢቺ ኪሃራ የሚባል ወጣት ጥንድ እንዲሞክር ተደረገ፤ ከታካሃሺ ጋር ለሶቺ 2014 ደረሰ። በ2019 ኪሃራ ስፖርቱን ሊተው ጫፍ ደርሶ በአንድ የስኬቲንግ ሜዳ እየሠራ ሳለ ከእሱ ዘጠኝ ዓመት የምታንሰው ሪኩ ሚዩራ አብረን እንሞክር አለችው። በ2023 ሳይታማ ላይ ለጃፓን የመጀመሪያውን የጥንድ የዓለም ሻምፒዮንነት አመጡ። እዚህ ጠያቂዋ ወጣቷ ልጅ ናት፤ መንገዱን የከፈተው ግን ከዚያ በፊት አንድ ወንድ ወደ ጥንድ እንዲመጣ መደረጉ ነው።

እስራኤል ደግሞ የእጥረቱን ሌላ ገጽታ ታሳያለች። በኪየቭ የተወለደው የቭጌኒ ክራስኖፖልስኪ እስራኤልን ወክሎ ሦስት ኦሊምፒክ ተወዳድሯል፤ በ2014 ከአንድሪያ ዳቪዶቪች፣ በ2018 ከፔይጅ ኮነርስ፣ በ2022 ከሃይሊ ኮፕስ ጋር። ሦስቱም በአሜሪካ ያደጉ ናቸው። ኮፕስ ስኬቲንግ ትታ ኢየሩሳሌም ለትምህርት በሄደችበት ነው የተጠራችው። አንድ ወንድ፣ ሦስት ሴቶች፣ ሦስት ኦሊምፒክ። ክራስኖፖልስኪ በረዶ ብርቅ በሆነበት አገር ይህን ስፖርት ለዓመታት ያቆየ ሰው ነውና ምስጋና ይገባዋል። ቁጥሩ ግን ማን ቋሚ፣ ማን ተለዋጭ እንደሆነ በግልጽ ይናገራል።

ወንዶችም ቢሆኑ አንዳንዴ ይቸገራሉ። በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው የአውስትራሊያ ቀደምት ሕዝብ ተወላጅ ሃርሊ ዊንዘር በአገሩ የምትመጥነው አጋር አጥቶ ከሩሲያ ከመጣች ልጅ ጋር ነበር የተጣመረው። ስፖርቱ በጥቂት አገሮች ብቻ ሲታጠር ሁሉም ይጎዳል፤ ጉዳቱ ግን በሴቶቹ ላይ ይበረታል።

የዝምታ ምንጭ

በጃንዋሪ 1996 ሪጋ ላይ የ18 ዓመቷ የሌና ቤሬዥናያ ከአጋሯ ጋር ጎን ለጎን ሲሽከረከሩ የጫማው ስለት ጭንቅላቷን መትቶ የራስ ቅሏን ሰነጠቀ። የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ መናገር አቅቷት እንደገና መማር ነበረባት። ከአደጋው በፊት በነበረው ጊዜ በልምምድ ላይ ክፉ አያያዝ ይደርስባት እንደነበር በስፖርቱ ሰዎች ተነግሯል። ሌላው ተንሸራታች አንቶን ሲካሩሊድዜ ሪጋ ድረስ ሄዶ አስታመማት፤ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥም በአሠልጣኝ ታማራ ሞስክቪና እጅ አብረው ጀመሩ። በ1998 ናጋኖ ብር፣ በ2002 ሶልት ሌክ ሲቲ ወርቅ አገኙ።

ይህን ታሪክ የመዳን ተአምር አድርጎ መተረክ የተለመደ ነው፤ ተአምርም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከአደጋው በፊት የነበሩት ወራት ናቸው። ወንድ በጠፋበት ስፖርት ውስጥ ለአንዲት ወጣት አጋርን መተው ማለት ሥራን፣ አሠልጣኝን፣ አንዳንዴም አገርን መተው ማለት ነው። ከእሷ ኋላ ቦታዋን የሚፈልጉ ሌሎች እንዳሉ ታውቃለች። አሠልጣኙም ያውቃል፤ ፌዴሬሽኑም ያውቃል። ስለዚህ አቤቱታ ሲመጣ ሁሉም ቀድሞ የሚያስበው ጥንዱ እንዳይፈርስ ነው።

በአሜሪካ በስፖርት ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን ለመከላከል የተቋቋመው የሴፍስፖርት ማዕከል በ2019 በፊገር ስኬቲንግ ውስጥ ጥቃትን ለረጅም ጊዜ ያለ ተቆጣጣሪ እንዲቀጥል ያደረገ ባህል እንዳለ በይፋ ገልጿል። ባህል ከሰማይ አይወርድም። አንዱ ወገን ሊተካ የማይችል፣ ሌላው በቀላሉ የሚተካ ሆኖ ሲቆጠር ዝምታን የሚያበረታታ ኑሮ ይፈጠራል። ደግ ወንዶች መብዛታቸው፣ እውነትም ብዙዎች ደግ መሆናቸው፣ ለአንዲት ልጅ በቂ ዋስትና አይሆንም። ዋስትናዋ መሄድ ስትፈልግ የምትሄድበት ቦታ መኖሩ ነው።

ምን ይደረግ?

ጥሩ ምልክቶች አሉ። በ2022 ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት በአዋቂዎች ውድድር ዝቅተኛው ዕድሜ ከ15 ወደ 17 እንዲያድግ ወሰነ፤ ውሳኔው ከ2024–25 የውድድር ዘመን ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ተግባራዊ ሆኗል። ይህ «አንድ ተኩል» የሚባለውን ጥንድ ከትልቁ መድረክ ያርቀዋል።

ሁለተኛው ምልክት ከሜዳው መጥቷል። ቻይናውያኑ ሱዊ ዌንጂንግና ሃን ትሶንግ ሁለቱም አጫጭር ናቸው፤ ለጥንድ አይሆኑም ተብለው ነበር። የዕድሜ ልዩነታቸው ሦስት ዓመት ገደማ ነው፤ ከ2007 ጀምሮ አልተለያዩም። ሱዊ በ2016 ሁለቱንም እግሯን ቀዶ ሕክምና ስታደርግ ሃን ሌላ አጋር አልፈለገም፤ ጠበቃት። በ2018 ወርቁን በ0.43 ነጥብ ካጡ በኋላ በ2022 ቤጂንግ ላይ በ0.63 ነጥብ ብልጫ አሸነፉ። በጥቃቅን ነጥብ በሚወሰን ውድድር ላይ ለዓመታት አብሮ የቆየ መግባባት ከቁመት ልዩነት በላይ ዋጋ እንዳለው አሳይተዋል።

ሦስተኛዋ ዲያና ስቴላቶ-ዱዴክ ናት። በ2000 ለአሜሪካ በወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና በነጠላ ብር አገኘች፤ በጉዳት ምክንያት አቆመች፤ በቆዳ ውበት እንክብካቤ ሥራ ተሰማርታ ኖረች። ከ16 ዓመት በኋላ ተመልሳ ጥንድ ጀመረች፤ በኋላም ወደ ካናዳ ሄዳ ከማክሲም ዴሾምፕ ጋር ተጣመረች። በማርች 2024 ሞንትሪያል ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆኑ 40 ዓመቷ ነበር፤ በፊገር ስኬቲንግ ታሪክ የዓለም ሻምፒዮን የሆነች በዕድሜ ትልቋ ሴት ናት። ዴሾምፕ በዕድሜ ከእሷ ስምንት ዓመት ያንሳል። እነዚያን ሁሉ ዓመታት «ካደገች አትሆንም» ተብለው የተሰናበቱ ሴቶች ምን ያህል እንደተበደሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

አራተኛው በዲሴምበር 2022 የካናዳ ስኬቲንግ ፌዴሬሽን የወሰደው እርምጃ ነው። በአገር ውስጥ ውድድሮቹ የጥንድና የበረዶ ዳንስ ቡድን ማለት «ሁለት ተንሸራታቾች» ማለት ነው ብሎ ደነገገ፤ አንዷ ሴት፣ አንዱ ወንድ የሚለው ግዴታ ቀረ። በዓለም አቀፍ ደረጃ ግን አሮጌው ግዴታ እንዳለ ነው። የካናዳው ውሳኔ በቀጥታ የሚመልሰው የቁጥሩን ችግር ነው፤ ሁለት ሴት ልጆች ወንድ እስኪመጣ ዓመታት ከሚጠብቁ አብረው ይጀምራሉ። ማንሳት ይከብዳቸዋል የሚል መከራከሪያ ይነሳል። ምን ያህል ማንሳት፣ ምን ያህል ጎን ለጎን መዝለል፣ ምን ያህል ኅብረት ነጥብ እንዲያመጣ የሚወስነው ግን ሰው የጻፈው የነጥብ ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ አንድን ዓይነት አካል ሲሸልም ኖሯል፤ ሌላውንም እንዲሸልም ማድረግ ይቻላል።

ከእነዚህ ጋር ሦስት ነገሮች መደረግ አለባቸው ብዬ አምናለሁ። አንደኛ፣ ፌዴሬሽኖች ወንዶች ልጆችን ወደ ጥንድ ለማምጣት የሴት ቤተሰቦችን ኪስ መጠበቃቸው ይብቃ፤ የጥንድ ሥልጠናን ራሳቸው ይክፈሉ። ለወንዱ የሚከፍለው ተቋም ከሆነ ወንዱም በሴቷ ወላጆች ፊት አያፍርም፤ ሴቷም በዕዳ አትታሰርም። ሁለተኛ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ከጎልማሳ ጋር ስትጣመር ከአሠልጣኙና ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ፣ ጥንዱ ቢፈርስ ምንም የማይጎድልበት ሰው በየጊዜው ለብቻዋ ያነጋግራት። ሦስተኛ፣ አጋሯን በበደል ምክንያት የተወች ተወዳዳሪ አገር ለመቀየር የሚጠየቀው የመጠበቂያ ጊዜ ይነሳላት። በዳዩን መሸሽ በቅጣት መታሰብ የለበትም።

ጥንድ ስኬቲንግ የሰው ልጅ ከፈጠራቸው ስፖርቶች ሁሉ መተማመንን በግልጽ የሚያሳይ ነው ብዬ እናገራለሁ። ሰው ራሱን ለሌላ ሰው እጅ ሙሉ በሙሉ ሲሰጥ በዓይናችን እናያለን። መተማመን ክብር የሚኖረው ግን ሁለቱም ወገኖች እምቢ የማለት አቅም ሲኖራቸው ነው። እምቢ ብትል የምትወድቅበት እንጂ የምትሄድበት የሌላት ልጅ ማመኗ ሳይሆን መገደዷ ነው የሚታየው። ስለዚህ ይህን ስፖርት የሚወድ ሁሉ፣ ዳኛውም አሠልጣኙም ተመልካቹም፣ ከነጥቡ በፊት ይህችን ጥያቄ ይጠይቅ፦ ከላይ ያለችው ሴት ነገ ሌላ አጋር መምረጥ ትችላለች? መልሱ አዎ የሚሆንበትን ቀን ለማምጣት የሚያስፈልገው ሕግ፣ ገንዘብና ፈቃደኝነት ብቻ ነው፤ ሦስቱም በሰው እጅ ናቸው።